ካርል ሉዊስ ሯጭ ነው ወይስ ዘላይ?

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቆሞ የተማሪዎችን ርዝመት ዝላይ ለአንድ ከሰዓት የተመለከተ ሰው፣ ከልጅ ወደ ልጅ የማይለወጥ አንድ ነገር ያስተውላል። ልጁ ከሩቅ እየበረረ ይመጣል፤ በኖራ የተሰመረው መነሻ ላይ ለመድረስ አራት ወይም አምስት እርምጃ ሲቀረው ግን አንገቱን ደፍቶ መስመሩን በዓይኑ ይፈልጋል፣ እርምጃውን ያጠጋጋል፣ እግሩ መስመሩ ጋ ሲደርስም ይዞት የመጣው ፍጥነት አብዛኛው ባክኗል። ከዚያ በኋላ በአየር ላይ የቱንም ያህል ቢወራጭ የሚያርፈው ቅርብ ነው። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ነበርኩ። የሚያሠለጥነን ሰው "ቀስ ብለህ ና፣ መስመሩን እንዳታልፍ" እያለ ይመክረኝ ስለነበር ምክሩን በታማኝነት እፈጽም ነበር፤ ስህተት መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ ሜትር ይዤ አሸዋው ዳር መቆም ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

በቅርቡ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሜትሩን ጫፍ ይዞልኝ ሳለ "ቲቸር፣ ካርል ሉዊስ ሯጭ ነው ወይስ ዘላይ?" ብሎ ጠየቀኝ። በስልኩ ላይ ሁለት የቆዩ ቪዲዮዎችን አይቶ ኖሮ፣ በአንዱ አሜሪካዊው አትሌት 100 ሜትር ሲያሸንፍ፣ በሌላው ደግሞ አሸዋ ላይ ሲያርፍ ተመልክቶ ግራ ገብቶታል። "ሁለቱንም ነው" ማለት ይቻላል፤ ያልኩትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን መልሱ ልጁን እንዳላረካው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ እውነትም ሁለቱንም የሆነው ለምን እንደሆነ ካልተነገረ በስተቀር መልስ አይባልም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. የተባለው ብቻ የእኛ ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዝላዩ አሠራር ነው። አንድ ዘላይ እግሩ ከመነሻው ጣውላ ከተለየች በኋላ የሰውነቱ አካሄድ ከወንጭፍ ከወጣ ድንጋይ አካሄድ አይለይም፤ የት እንደሚወድቅ የሚወሰነው መሬቱን በሚለቅባት ቅጽበት በነበረው ፍጥነት፣ በተነሳበት ማዕዘንና በዚያች ቅጽበት የሰውነቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት በነበረው ከፍታ ነው። በአየር ላይ እጅና እግሩን በማወዛወዝ መንገዱን ማስረዘም አይችልም። ድንጋይ ሲሆን በተሻለ የሚርቀው ወደ 45 ዲግሪ ተጠግቶ ሲወረወር ነው፤ ሰው ግን በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ መጥቶ በዚያ ማዕዘን ሊነሳ አይችልም፤ ምክንያቱም የመጨረሻው እግር ጣውላውን የሚነካው ከሰከንድ አንድ ስምንተኛ ገደማ ለሆነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሽቅብ የሚያወጣ ጉልበት ለመሰብሰብ የግድ ፍጥነቱን መግታት ይኖርበታል። በዚህ የተነሳ ታላላቆቹ ዘላዮች የሚነሱት በ20 ዲግሪ ዙሪያ ነው፤ ይህም ማለት ርቀቱን የሚሠራው በአብዛኛው ወደ ፊት የሚገፋው የሩጫ ፍጥነት ነው ማለት ነው። ታላላቆቹ ወደ ጣውላው የሚደርሱት በሰከንድ 11 ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ሲሆን፣ ይህ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ተሳፋሪ ጭኖ የሚወርድ ባጃጅ ከዚህ ፍጥነት ጋር ቢወዳደር እኔ የምይዘው ከዘላዩ ጎን ነው።

ካርል ሉዊስን ከሌሎች ልዩ ያደረገው በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ ጠባይ ነበር። በ100 ሜትር ሲሮጥ አነሳሱ ደካማ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 30 እና 40 ሜትሮች ሌሎች ይቀድሙታል፤ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ዘግይቶ ሲሆን፣ ካገኘው በኋላ ግን ከማንም በተሻለ ይዞ ይቆያል። በ100 ሜትር ይህ እንደ ጉድለት ይታይ ነበር። በርዝመት ዝላይ ግን ጥቅም ሆነለት፤ መንደርደሪያው ከ50 ሜትር ያላነሰ ረጅም ስለነበር፣ ቀስ በቀስ የሚጨምረው ፍጥነቱ ጫፍ የሚደርሰው ልክ ጣውላው ጋ ሲደርስ ነው። ረጅም መንደርደሪያ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው፤ እርምጃው በበዛ ቁጥር በእያንዳንዱ ላይ የምትፈጠረው ጥቃቅን ልዩነት እየተጠራቀመች 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ያላትን ጣውላ መርገጥን ታከብዳለች። ይህን አደጋ ተሸክሞ ለ10 ዓመታት ያህል ያለመሸነፍ ከፍጥነት የበለጠ ነገር ይጠይቃል፤ በእኔ ግምት የሉዊስ ትልቁ ችሎታም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በአየር ላይ የሚራመድ የሚመስለውን እግሩን ነው። ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው ርቀት ለመጨመር አይደለም። እግር ጣውላው ላይ ለቅጽበት ሲገታ ደረት ግን ወደ ፊት መሄዱን ስለማይተው፣ ሰውነት በግንባር የመደፋት ዝንባሌ ይይዛል፤ እግሮችን በአየር ላይ እንደ ብስክሌት ነጂ ማዞር ያንን መደፋት ይገታና፣ ዘላዩ በመጨረሻ ሁለት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲያርፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ዳኛው የሚለካው ከጣውላው የፊት ጠርዝ ጀምሮ አሸዋው ላይ ለጣውላው እስከሚቀርበው ምልክት ድረስ በመሆኑ፣ ወደ ኋላ ተደግፎ በእጁ አሸዋውን የነካ ልጅ ያገኘውን ሁሉ በእጁ ይመልሳል። እዚህ ሜዳ ላይ በየቀኑ የምናየው ጉዳት ነው።

ሉዊስ የተወለደው ጁላይ 1 ቀን 1961 በአላባማ ግዛት በርሚንግሃም ከተማ ሲሆን፣ ያደገው በኒው ጀርዚ ዊሊንግቦሮ ነው። አባቱ ቢልና እናቱ ኤቭሊን መምህራንና አሠልጣኞች ነበሩ፤ እናቱ በ1951 በፓን አሜሪካ ጨዋታዎች አገራቸውን ወክለው በመሰናክል የሮጡ አትሌት ናቸው። ሁለቱ ያቋቋሙት የአትሌቲክስ ክለብ ልምምድ ላይ ሲሆን ትንንሾቹ ልጆች አሸዋው ውስጥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል፤ ከእነዚያ ልጆች አንዷ የሆነችው ታናሽ እህቱ ካሮል በኋላ በ1983ቱ የዓለም ሻምፒዮና በርዝመት ዝላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች። ካርል ራሱ በልጅነቱ ከእኩዮቹ ያነሰና ዘግይቶ ያደገ ልጅ ነበር፤ በ15 ዓመቱ ግን ቁመቱ በድንገት ስለተመዘዘ መገጣጠሚያዎቹ እስኪላመዱት ድረስ ለሳምንታት በክራንች እስከመሄድ ደርሷል።

ከዚያ ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ከአሠልጣኝ ቶም ቴሌዝ ጋር ተገናኘ። ቴሌዝ የሰውነትን እንቅስቃሴ እንደ መካኒክ የሚያይ ሰው ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ሕመም ይዞ የመጣውን ወጣት አነሳሱን፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎችና የአየር ላይ እንቅስቃሴውን ከሥር ጀምሮ አስተካከለለት። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችው እርምጃ ትንሽ ትረዝማለች፣ ዳሌውም በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻዋ ደግሞ ታጥራለች፤ በዚህ ጊዜ ሰውነት ሳይዘል በፊት አስቀድሞ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ዘላዩ ሆን ብሎ ወደ ላይ መዝለል አያስፈልገውም ማለት ነው። ሩጫውን ሳያቋርጥ እርምጃውን ብቻ ይለውጣል። ቴሌዝና ሉዊስ እስከ መጨረሻው ድረስ አብረው ቆይተዋል።

በ1980 ለሞስኮ ኦሊምፒክ በርዝመት ዝላይና በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ተመረጠ፤ ሆኖም አሜሪካ ከውድድሩ ራሷን ስላገለለች የ19 ዓመቱ ወጣት ቤቱ ቀረ። ለእኛ ሞስኮ የሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ኦሊምፒክ ናት፤ "ማርሽ ቀያሪው" በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ሉዊስ በቦታው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ፤ ኢትዮጵያ በ1984 ከሎስ አንጀለስም በ1988 ከሴኡልም ስለቀረች፣ የዚህ ሰው ሁለት ትልልቅ ኦሊምፒኮች የእኛ አትሌቶች በሌሉበት አለፉ። የሉዊስ ስም በአገራችን በሚገባው ልክ ካልታወቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል። በመካከሉ ግን በ1983 ሄልሲንኪ ላይ የመጀመሪያው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ሁለቱም ነበሩ፤ ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር ሲያመጣ፣ ሉዊስ በ100 ሜትር፣ በርዝመት ዝላይና በዱላ ቅብብል ሦስት ወርቅ ወሰደ።

ሎስ አንጀለስ ላይ ያሰበው ጄሲ ኦውንስ በ1936 በርሊን ላይ ያገኘውን አራት ወርቅ መድገም ነበር፤ ኦውንስም የአላባማ ልጅ፣ እርሱም ሯጭና ዘላይ ነው። ሉዊስ 100 ሜትርን በ9.99 ሰከንድ፣ 200 ሜትርን በ19.80 አሸነፈ፤ ዱላ ቅብብሉን ከቡድኑ ጋር በ37.83 የዓለም ክብረ ወሰን ጨረሰ። በርዝመት ዝላይ ግን ያሸነፈበት መንገድ ሕዝቡን አስቆጣ። በመጀመሪያው ሙከራ 8.54 ሜትር ዘለለ፣ ሁለተኛው ተበላሸበት፣ የቀሩትን አራት ሙከራዎች ትቶ ልብሱን ደርቦ ተቀመጠ፤ ከ1968 ጀምሮ የቆየውን የቦብ ቢመንን የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ለማየት ትኬት የገዛው ተመልካችም ጮኸበት። በአሠልጣኝ ዓይን ሲታይ ውሳኔው ትክክል ነው። የ200 ሜትር ማጣሪያዎች በዚያው ቀን ነበሩበት፣ ምሽቱ ቀዝቅዞ ነበር፣ እያንዳንዱ ዝላይ ደግሞ የመነሻውን እግር የሰውየውን ክብደት በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይመታዋል። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ሊያሰላለት አልፈለገም፤ አራት ወርቅ ያገኘው አትሌት በገዛ አገሩ ኩሩና ስሌተኛ የሚል ስም ወጣለት፤ ይህም ስም እስከ መጨረሻው ሳይለቀው ቆየ።

በ1987 አባቱ አረፉ። ሉዊስ በሎስ አንጀለስ የ100 ሜትር ድል ያገኘውን የወርቅ ሜዳሊያ ከአባቱ ጋር አብሮ ቀበረው፤ ሌላ እንደሚያመጣም ለእናቱ ነገራቸው። በዚያው ዓመት ሮም ላይ ካናዳዊው ቤን ጆንሰን በ9.83 ቀደመው፤ በቀጣዩ ዓመት ሴኡል ላይም በ9.79 ቀደመው፣ ሉዊስ 9.92 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ በጆንሰን ሽንት ውስጥ ስታኖዞሎል የተባለ አበረታች ንጥረ ነገር በመገኘቱ ወርቁ ለሉዊስ ተሰጠ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቀላል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን በ2003 ይፋ የወጡ ሰነዶች፣ ሉዊስ ራሱ በ1988ቱ የአሜሪካ የኦሊምፒክ መምረጫ ውድድር ላይ በጉንፋን መድኃኒትና በዕፅዋት ውጤቶች ውስጥ የሚገኙ አነቃቂ ንጥረ ነገሮች በጥቂት መጠን ተገኝተውበት እንደነበረና የአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሳያውቅ የወሰደው ነው ብሎ እንዳሰናበተው አሳይተዋል። ሁለቱን ጉዳዮች እኩል ማድረግ አይገባም፤ ስታኖዞሎል ጡንቻ የሚገነባ ነው፣ የእነዚያ መጠንም በኋላ በወጣው ደንብ ከሚያስቀጣው ልክ በታች ይሆን ነበር። ይሁንና ስለ ሌሎች ንጽሕና አጥብቆ ሲናገር ለነበረ ሰው ዜናው መልካም አልነበረም። ሴኡል ላይ ርዝመት ዝላዩን በ8.72 አሸነፈ፤ 200 ሜትሩን ግን አብሮት በሚሠለጥነው በጆ ዴሎች በ0.04 ሰከንድ ተነጠቀ።

የዚህ ሰው ሙሉ ልክ የታየው ግን ወርቅ ባጣበት ምሽት ነው። በ1991 ቶኪዮ ላይ፣ በ30 ዓመቱ፣ በመጀመሪያ 100 ሜትሩን በ9.86 የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ በዚያ ሩጫ ስድስት ሰዎች ከ10 ሰከንድ በታች ገብተዋል፣ ሉዊስም እንደ ልማዱ ከኋላ ተነስቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አለፋቸው። (ያን ዓመት ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ የራቀ ምግብ ይመገብ እንደነበር በኩራት ይናገራል። ሩጫው የተደረገው ኦገስት 25 ቀን፣ እኛ ፍልሰታን ፈትተን ሦስት ቀን ሲሆነን ስለነበር፣ ለጿሚ ስፖርተኞቻችን ይህን መንገር ደስ ይለኛል።) ከአምስት ቀን በኋላ ወደ አሸዋው መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ በርዝመት ዝላይ 65 ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፏል፤ ተቀናቃኙ ማይክ ፓወል ደግሞ አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ስለ ንፋስ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘላዩ ከመነሻው ጣውላ 40 ሜትር ሲቀረው የንፋስ መለኪያው ሥራ ይጀምርና ለ5 ሰከንድ ይለካል፤ ከኋላ የሚገፋው ንፋስ በአማካይ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ከበለጠ፣ ዝላዩ ለዚያ ውድድር ይቆጠራል፣ ለክብረ ወሰን ግን አይቆጠርም። ሉዊስ በአራተኛው ሙከራ 8.91 ሜትር ዘለለ። ቦብ ቢመን በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ካስመዘገበው 8.90 በ1 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን ንፋሱ 2.9 ነበር። ወርቁ በእጁ የገባ መሰለ። በአምስተኛው ሙከራ ፓወል 0.3 በሆነ ቀላል ንፋስ 8.95 ሜትር ዘልሎ የ23 ዓመቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሉዊስ በቀሩት ሁለት ሙከራዎች 8.87 እና 8.84 ዘለለ፤ ሁለቱም ንፋሳቸው የተፈቀደ ነው፣ 8.87ቱ እንዲያውም ትንሽ የፊት ንፋስ ነበረበት። በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ከ8.80 በላይ ዘልሎ የተሸነፈ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። በዚያ ምሽት የተቀረጸውን የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙት ልዩነት ከላይ ያልኩትን ያስተካክላል፤ ሁለቱም ጣውላው ላይ የደረሱበት ፍጥነት የተቀራረበ ሲሆን፣ ሉዊስ የተነሳው በ18 ዲግሪ ገደማ፣ ፓወል ግን በ23 ዲግሪ ገደማ ነበር። ፓወል ያንን ፍጥነት ይዞ ሽቅብ መውጣት የቻለበት አንድ ዝላይ ነበረው፤ ያች አንዷ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ናት።

ቢመን የዘለለባት ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ንፋሱም ልክ በተፈቀደው ጠርዝ ላይ 2.0 ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ኦክስጅን ስለሚያንሰው ረጅም ርቀት የሚሮጠውን ያስጨንቀዋል፤ ማሞ ወልዴ በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶን ሲያሸንፍ ብዙ የዝቅተኛ አገር ሯጮች ትንፋሽ አጥሯቸው የነበረውም ለዚህ ነው። ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ግን የሚገፋው አየር ስለሚሳሳ ይመቸዋል፤ ሥራው በሰከንዶች ስለሚያልቅ የኦክስጅኑ ማነስ አይጎዳውም። ሐዋሳም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ የሚዘል ልጅ ባያውቀውም ከአየሩ ጥቂት ድጋፍ አለው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ የተመዘገበ እንዲህ ያለ ውጤትም በዓለም ዝርዝሮች ላይ የከፍታ ምልክት ይደረግበታል። የሉዊስ ታላላቅ ዝላዮች ቶኪዮን፣ ሎስ አንጀለስንና ሴኡልን በመሳሰሉ ዝቅተኛ ከተሞች መሆናቸው ሲታሰብ ዋጋቸው ይጨምራል። በ1984 በኒው ዮርክ በቤት ውስጥ ውድድር የዘለለው 8.79 ደግሞ ምንም ንፋስ በሌለበት የተገኘ ሲሆን እስከ አሁን አልተሰበረም።

ከቶኪዮ በኋላ ፍጥነቱ መቀነስ ጀመረ። ለባርሴሎና 1992 በታመመበት ሰሞን በተደረገው መምረጫ በ100ም በ200ም ሜትር ሳይመረጥ ቀረ፤ ርዝመት ዝላዩ ግን ቀረለት፣ ፓወልንም 8.67 ለ8.64 በሆነች ሦስት ሳንቲ ሜትር አሸነፈው፤ በዱላ ቅብብሉም የመጨረሻውን 100 ሜትር ሮጦ ቡድኑን ለ37.40 የዓለም ክብረ ወሰን አበቃ። ዝላዩ ከሩጫው ለምን እንደቆየ መናገር ይቻላል። በ100 ሜትር ፍጥነት ሲቀንስ የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ በዝላይ ግን ከፍጥነቱ ጥቂቱን ያጣ ሰው የመንደርደሪያውን ምት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እርምጃዎችና አስተራረፉን ከወጣቶቹ በተሻለ ስለሚያውቅ የጎደለውን በከፊል ይሞላል፤ ስድስት ሙከራም አለው።

ወደ አትላንታ 1996 የመጣው በ35 ዓመቱ፣ በአገሩ መምረጫ ሦስተኛ ሆኖ በጠባብ ነው። በማጣሪያው በመጨረሻው ሙከራ ላይ ሊወድቅ ደርሶ ሳለ 8.29 ዘልሎ ከሁሉ በላይ ሆኖ አለፈ። የፍጻሜው ቀን ጁላይ 29፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። ይህን ቀን የምናውቀው በሌላ ነገር ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን አስከትሎ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ 10,000 ሜትርን በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ያሸነፈበት፣ የፋጡማ ሮባ የማራቶን ወርቅ ገና አንድ ቀን የሆነው፣ እኛም በሌሊት ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት የተሰበሰብንበት ነው። በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ምሽት፣ ሉዊስ በሦስተኛው ሙከራው 8.50 ሜትር ዘለለ። ጃማይካዊው ጄምስ ቤክፎርድ 8.29 ብቻ ደረሰ፤ ፓወል ብሽሽቱን ተጎድቶ አሸዋው ላይ ተዘረጋ፤ ሌላው የተፈራው ኩባዊው ኢቫን ፔድሮሶም ከጉዳት አላገገመም ነበር። የኃይሌን እግር ያቆሰለው ጠንካራ መም ለአጭር ርቀት የተመቸ ነበር፤ በዚህ ረገድ መሙ የእነ ሉዊስ ወገን ነበር ማለት ይቻላል። እኔ በዚያች ሌሊት ዓይኔ ኃይሌ ላይ ስለነበር አሸዋውን አላየሁትም፤ ያየሁት ከዓመታት በኋላ በቪዲዮ ነው።

ያች ዝላይ ዘጠነኛ የኦሊምፒክ ወርቁ ሆነች፤ በዚህም ከፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ፣ ከሶቪየቷ ጂምናስቲከኛ ላሪሳ ላቲኒናና ከዋናተኛው ማርክ ስፒትዝ ጋር ተስተካከለ። በአንድ የአትሌቲክስ ዓይነት አራት ኦሊምፒክ በተከታታይ በማሸነፍም ከዲስክ ወርዋሪው አል ኦርተር ጋር እኩል ሆነ። አሥረኛ ፈልጎ በዱላ ቅብብሉ ቡድን እንዲጨመር ግፊት አደረገ፤ አሠልጣኞቹ ግን ለቅብብሉ የተጠራውን ልምምድ ስላልተካፈለ አልፈቀዱም፣ አሜሪካም በካናዳ ተሸነፈች። ብዙዎች ሉዊስ ቢኖር ይሉ ነበር፤ እኔ አይመስለኝም፤ በዚያ ዕድሜው የካናዳውን ዶኖቫን ቤይሊን የሚይዝ እግር አልነበረውም። በቀጣዩ ዓመት ሂዩስተን ላይ ተሰናበተ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ በአሠልጣኝነት ተመልሶ፣ በ2022 የአትሌቲክስ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ሆኗል።

በ2024 የዓለም አትሌቲክስ ከፍተኛ አካል፣ በርዝመት ዝላይ ከሙከራዎቹ ብዙው ጣውላውን በማለፍ ስለሚበላሽ፣ በጣውላው ፋንታ ሰፋ ያለ የመነሻ ቦታ ተሠርቶ ዝላዩ እግሩ ከተነሳበት ይለካ የሚል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ሉዊስ ነበር። ክርክሩን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው ያ የሜትር ያዥ ልጅ "ለእኛ ግን ይሻለናል" አለ። ሳልስቅ አልቀረሁም። ሆኖም ሐሳቡ በኋላ ተትቷል፤ ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን ለመረዳትም ወደ ሜዳችን መመለስ ይበቃል። በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ያቺን ጠባብ ጣውላ ሳያዩ መርገጥ የዝላዩ ግማሽ ነው፤ እርሱ ከቀረ የሚቀረው ፍጥነት ያለው ሁሉ የሚያሸንፍበት ሌላ ጨዋታ ነው።

ልምምዱን አሁን የምንጀምረው ከተቃራኒው ጫፍ ነው። ልጁ ጀርባውን ለአሸዋው ሰጥቶ ተረከዙን ኖራው ላይ ያደርግና፣ ወደ መሮጫው በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል፤ እኔ 13ኛዋ እርምጃ ያረፈችበትን አይቼ ድንጋይ አስቀምጣለሁ። አምስት ጊዜ ይደግመዋል፤ ድንጋዮቹ መጀመሪያ ተበታትነው ከሳምንታት በኋላ እየተሰበሰቡ ይመጣሉ። ከዚያ ድንጋይ ተነስቶ ወደ አሸዋው ሲሮጥ መስመሩን እንዳያይ ዓይኑን ከሜዳው ማዶ ወዳለው የታቦር ተራራ እንዲያደርግ እነግረዋለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጠያቂው ልጅ ይህን አድርጎ ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቅበት ቦታ ላይ አረፈ፤ ዘወር ብዬ ኖራውን ሳይ የጫማው አፍንጫ አራት ጣት ያህል አልፎታል። "ተበላሸ አይደል?" አለኝ አሸዋውን ከጉልበቱ እያራገፈ። ተበላሽቷል አልኩት፤ ድንጋዩንም አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ገፋሁለት።